ከሞትክ በኋላ የሄድክባቸው ከተሞች

ውድ በቄ፣

ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ስለ ረሳሁህ አይደለም። በእጄ የነበረው ምሬት ብቻ ስለሆነ ነው፤ ለሞተ ሰው ምሬት መላክ ደግሞ ነውር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ነውሩን ችዬ ልጻፍ። ባለፈው ሳምንት ወንድምህ ጋሽ ወልዴ አረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ውስጤ አልረጋ ብሏል።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከበራችን እስከ ገበያው ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ጭቃው ቢቀርም ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የሬዲዮ ጥገና ሱቅህን አንድ ጎረምሳ ተከራይቶት ስልክ ላይ ዘፈን ይጭንበታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስጮኸው ይውላል። «እትዬ፣ ዛሬ ሬዲዮ የሚያስጠግን ማን አለ?» ይለኛል። መብራቱ እንደ ድሮው ይመጣል፣ ይሄዳል። ከቀበሌ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ሲጠሩኝ ጉልበቴ አይችልም እላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው። በልጅነቴ የሚስዮን ትምህርት ቤት መነኮሳት በማስመሪያ መዳፌን እየመቱ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ቢኖር ውሸት ትንሽና ትልቅ እንደሌለው ነው። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ በኖርኩበት ዘመንም አንዲት ፊደል ከተሳሳትኩ ገጹን ቀድጄ እንደገና እጀምር ነበር። አንተ ትስቅብኝ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ውሸት መሀል ያስቀመጧት።

ልጃችን ማርታ ኬፕ ታውን ልትማር ስትሄድ ሰፈሩ ምን ያህል እንደሳቀ ታስታውሳለህ። «ኮከብ ቆጣሪ ልትሆን ነው? እንግዲያው የኔንም ዕድል ታይልኝ!» ያለችን ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናት። ደመና ከማይለያት ቦንጋ ተነሥቶ ሰማይ ለማጥናት መሄድ እኔንም አስቆኝ ነበር። አንተ ግን አልሳቅህም። ገና ሕፃን ሳለች በሁለት ጣቢያ መሀል ሽው የሚለውን የሬዲዮ ድምፅ እያሰማህ «ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ከሰማይ ነው የሚመጣው» ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ።

ለእረፍት የመጣች ጊዜ ሱቅህ በር ላይ ካለው አግዳሚ ሦስታችንም ተቀምጠን ያሳየችን ፎቶ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ጠቅላላው ጥቁር፣ መሀሉ ላይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ። እኔ ጉድፍ መስሎኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። «እማዬ፣ ጋላክሲ እኮ ነው የምትጠርጊው!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አንተ ሽቦ ስትበይድ የምታደርጋትን ማጉያ መነጽር አጥልቀህ ትክ ብለህ አየኸው። ከዚያ አስረዳችን። አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የጋማ ጨረር ፍንዳታ ይነሣል፤ ለዓይን አይታይም፣ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያበቃል። ሳተላይት እንዳየው ቴሌስኮፖች ወደዚያ ይዞራሉ። ከኋላው የሚቀረው ወጋገን ለቀናት እየደበዘዘ ቆይቶ እሱም ይጠፋል። «ሁሉም የሚሮጠው ወደ ፍንዳታው ነው። የኔ ሥራ የሚጀምረው ሁሉም ሲበተን ነው» አለች። የጨለመውን ያንኑ ቦታ ደጋግማ በትዕግሥት ታየዋለች፤ ኮከቡ የኖረበት ጋላክሲ ቀስ ብሎ ይወጣላታል። ብዙዎቹ ትንንሽ፣ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ፣ ኮከብ በብዛት የሚወለድባቸው ናቸው አለችን። «ሟቹ ከየት ቤት እንደመጣ ሳይታወቅ ስለ ሞቱ ምን ይታወቃል?» ስትል አንተ «ይህችስ የለቅሶ ቤት ሰው ናት» ብለህ ቀለድክ። ብርሃኑ የተነሣው ምድር ሳትፈጠር ነው ስትለን እኔ አማተብኩ።

አንተ የሞትክ ዕለት ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለማርታ ይነገራት። ጋሽ ወልዴ «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። ልማዱን አውቀዋለሁ። መርዶ ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ ባለበት ነው የሚነገረው። ኬፕ ታውን ግን ዘመድ የላትም፤ የሚያረዳት ሰው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። ደግሞም ፈተና አለባት ተባለ። የእድሩ ሽማግሌዎች «ልጅቷን ልትገያት ነው እንዴ?» አሉኝ። ባሏ ሞቶባት ፍራሽ ላይ የተቀመጠች ሴት ቃል የላትም፤ የምትናገረው ሁሉ የሐዘን ቅዠት ነው። ስልኬን ጋሽ ወልዴ ወስደው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስትደውል የሚያነሡት እሳቸው ሆኑ። መጀመሪያ ሺሺንዳ ላኩህ፤ «የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ሊጠግን ሄዷል።» ቀጥሎ ቢታ ገነት፤ «እዚያ ኔትወርክ የለም፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ደካ። እኔ ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል ተባልኩ። በሕይወትህ ሰው ጎትቶ ከሱቅህ የማያወጣህ አንተ፣ ከሞትክ በኋላ ከፋን አዳረስካት።

አርባህ ሊደርስ ሲል በአንዱ እሑድ ማርታ በደስታ እየጮኸች ደወለች። ጋሽ ወልዴ ለቀስተኛው ደኅንነቷን ይስማ ብለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። «ጋሼ፣ አባዬን ንገሩልኝ! ሌሎቹ ፈልገው ያጡትን ጋላክሲ አገኘሁት። ቤቱን አገኘችው በሉልኝ!» አለች። ቤት ሙሉ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። እኔ «ማርታ!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ እቅፍ አድርገው አፌን ያዙኝ። ጋሽ ወልዴ ስልኩን ዘግተው «ኔትወርክ ነው ትበል» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር። ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በመጨረሻ እዚያው ኬፕ ታውን ሱቅ ያላቸው፣ እሷ ጨርሶ የማታውቃቸው የአገር ልጆች ተገኙ። በረሃ ውስጥ ካለው ቴሌስኮፕ አድራ ስትመለስ ማልደው በሯ ላይ ቆመው ጠበቋት። ሲነግሯት አልጮኸችም። «መቼ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ቀኑን ሲነግሯት በጣቶቿ ቆጠረች አሉ።

ስልኬ በተመለሰልኝ ቀን ደወለችልኝ። «እማዬ፣ እኔ ከሞቱ ነገሮች በሚመጣ ብርሃን የምኖር ሰው ነኝ። ብርሃን የሚዘገየው መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው፤ ኪሱ ከትቶ የሚያስቀረው ሰው የለም» አለችኝ። እንዳልተስማማሁ፣ አፌን እንደያዙኝ ነገርኳት። «አንቺ እኮ የምትታፈኚ ሴት አልነበርሽም» አለችና ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል አጭር መልእክት ከመላክ በቀር ድምፅዋን ከለከለችኝ። አንተን ቀበርኩ፣ እሷን ደግሞ በሕይወት እያለች አጣኋት።

ጋሽ ወልዴ ባረፉ ዕለት እነዚያው ሽማግሌዎች እንደገና ተቀመጡ። «ማርታ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ነው አሉ፤ ትንሽ ይቆይ» ተባባሉ። አልተከራከርኩም። ጓዳ ገባሁ፣ በሩን ቀረቀርኩ፣ ደወልኩ። አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም። «ማርታ፣ ጋሽ ወልዴ ዛሬ ጠዋት ሞቱ» አልኳት፤ እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ። ዝም ትላለች፣ ቢበዛ «ነፍስ ይማር» ብላ ትዘጋለች ብዬ ነበር።

አለቀሰች። በቄ፣ አለቃቀሷን ብትሰማ! «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች፣ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ታቦት ሲወርድ ያሳዩአትን፣ ደመወዝ ሲቀበሉ ብስኩት ይዘውላት የሚመጡትን እያነሣች ተንሰቀሰቀች። እኔም አለቀስኩ። ከሞትክ ወዲህ እናትና ልጅ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ስላንተ ቀናሁ። የአንተ የሚገባውን ትኩስ እንባ እሳቸው ወሰዱት። አንተን ያለቀሰችህ ዘግይታ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሀል ነው። መርዶህን የደበቁ ሰው የራሳቸው መርዶ በሰዓቱ ደረሰላቸው፤ ያደረስኩላቸውም እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ባህል ሰበርሽ ብለው ተቆጡኝ። እትዬ አልማዝም «የድንጋይ ልብ» አለችኝ አሉ። ይበሉ።

ማርታ ሲወጣላት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ አባዬ እንዴት ነው የሞተው?» እስከ ዛሬ «በሰላም አረፈ» ከማለት በቀር የነገራት የለም። ልነግራት ስጀምር «ቆይ፣ መጥቼ ፊትሽን እያየሁ እሰማዋለሁ» አለችኝ። ለጋሽ ወልዴ አርባ ትመጣለች። ለአንተ አርባ አልመጣችም። ይህንንም ዋጥኩት።

ስትመጣ መቃብርህ ድረስ እወስዳታለሁ። ጅማ ሆስፒታል እንሂድ እያልኩ ስለምንህ እምቢ ማለትህን እነግራታለሁ። በቁጣህ ሐኪሙን ከበር እንደመለስከው፣ ሦስት ቀን እንዳቃሰትክ፣ በመጨረሻ የጠራኸው እኔን ሳይሆን እናትህን እንደነበረ እነግራታለሁ። የማርታንም ስም ትጠራለህ ብዬ አፍ አፍህን እያየሁ ጠብቄ ሳትጠራ መሄድህን አልደብቃትም። ያማታል። እኔንም አሞኛል።

ሌላው ሰው ደግ ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር እያለ ያስታውስህ፤ ነበርክም። እኔ ግን እስትንፋሴ እስካለች ድረስ አንተን ሙሉውን፣ ሳልጨምርም ሳልቀንስም አስታውስሃለሁ። ቃሌ ነው።

ሚስትህ ወርቅነሽ