በአንድ ጎኑ የረዘመው ምንጣፍ

ለልጄ ለናርፓት፣

ከአገር ርቀህ ባለህበት ጤናህ ይጠበቅ። እኛ ደኅና ነን፤ በመንደራችን በሳላዋስ ሙቀቱ በርትቷል።

ከእናትህ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የሠራነውን የጥጥ ምንጣፍ ነጋዴው መለሰው። ማጉን በብረት ማበጠሪያ የምንጠቀጥቀው እያንዳንዳችን በየበኩላችን ስለሆነ፣ የእርሷ ጎን ላልቶ ከእኔው ረዝሟል።

እናትህ ከማስተማር ዘመኔ ጀምሮ እንደለመደችው፣ «መምህር፣ ማጉ ተማሪ መሰለዎት? እርስዎ ነዎት ሲደበድቡ ያጣመሙት» ብላ ሳቀች፤ ከከረመባት ወዲህ የማይለቃት ሳል ግን ሳቋን አላስጨረሳትም።

አሁን ለሠርግህ የሚሆነውን ጀምረናል። ጠርዙ እኩል እንዲመጣ እኔም ቀስ ብዬ እመታለሁ። ከዝናቡ በኋላ ያልነውን ሠርግ ከዝናቡ በፊት ብናደርገው ምን ይመስልሃል?

እናትህ «ደኅና ነች ብለው ይጻፉለት» ብላኛለች። በናፍቆት እንሰናበትሃለን።

አባትህ ፑካራጅ