የለቅሶ እህል በጉም ወራት

ቀን፦ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳው የኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የታሸገው የናፍጣ ወፍጮዬ፣ ለፀሐዩ ወፍጮ በቂ ባትሪ እስኪመጣ ድረስ ለጉም ቀናት ብቻ እንዲከፈትልኝና የናፍጣ መግዣ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ጃፈር አብዱልሀሚድ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ተዳፋት ላይ በምትገኘው በሾላ ገብ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል። የጉልምስና ዘመኔን በሙሉ የአገሩን እህል በናፍጣ ወፍጮ ስፈጭ ኖሬያለሁ። ጆሮዬን ግማሹን ሞተሩ ወስዶታል። ቢሮ ቀርቤ ባስረዳ ጮኼ ስለምናገር ቁጣ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነገሬን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ስለነበራችሁ አላገኘኋችሁም። አልተቀየምኩም፤ ስብሰባም ሥራ ነው።

1. ከሁሉ አስቀድሞ የፀሐይ ጠላት አለመሆኔ ይታወቅልኝ። ናፍጣን ከእኔ በላይ የሰለቸው ሰው በወረዳው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በርሜል አስጭኜ ደብረ ብርሃን ድረስ ወጥቻለሁ፤ በማደያ ሰልፍ ብርድ ላይ ውዬ «አልቋል» ተብዬ ባዶ በርሜል ይዤ ተመልሻለሁ። ስሙን በማላውቀው ባሕር ላይ መርከብ ቆመ በተባለ ቁጥር ሾላ ገብ ሽሮዋ ሳይፈጭ ያድራል። ጭሱ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል። ስለዚህ «የብርሃነ ቆላ ፕሮጀክት» የፀሐይ ወፍጮ ሊተክልልን ነው ሲባል ከማንም ቀድሜ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ወፍጮውን የምታንቀሳቅሰውም ልጄ ሌይላ ናት። ሠልጥና የምስክር ወረቀት ይዛ ስትመለስ ከእኔ ሙያ ጭሱ ወጥቶለት ሙያው ብቻ ለእርሷ የተላለፈ መስሎኝ ነበር።

2. በሬዲዮ አዋቂዎች ዓለም ነዳጅን ትቶ በፀሐይ፣ በነፋስና በውሃ ማደር ይችላል ወይስ አይችልም እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝ ግን ይችላል እላለሁ። ግንቦትንና ሰኔን በፀሐይ የተፈጨ ዱቄት በልተናል። ጣዕሙ ያው ነው፤ እንዲያውም የናፍጣ ሽታ የለበትም። የምፈራው ፀሐይን ሳይሆን ጥድፊያውን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዓለም የሚያደርገውን ዓለም ያውቃል፤ እኛ ግን አሮጌውን አሽገን አዲሱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ መካከሉ ላይ ቀርተናል። አቤቱታዬም ስለዚሁ ስለ መካከሉ ነው።

3. ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ማላከክ አልፈልግም። የፕሮጀክቱ ባለሙያ ኢንጂነር አመተ ማርያም ለጥናት የመጡት በጥር ነበር። የጥር ሰማያችን ታጥቦ የተሰጣ ነው። እርሳቸው ግን ብልህ ሰው ስለሆኑ ሽማግሌዎችን ሰብስበው «ጉሙስ እንዴት ነው? ያስቸግራችኋል?» ብለው ጠየቁ። በእኛ አገር ጉም አይታማም። ጉም ረሕመት፣ የአላህ ምሕረት ነው፤ በልጉን የሚያበላን፣ ምንጩን በበጋ የሚያቆይልን እርሱ ነው። ጉም አስቸገረኝ ያለ ሰው ጸጋውን እንደካደ ይቆጠራል። ስለዚህ የእኛ ሽማግሌዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ ጉማችን ጥሩ ነው» አሉ። ክርስቲያኖቹም «ተመስገን፣ ምንም አይለንም» አሉ። እኔም ከመካከላቸው ተቀምጬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። የባትሪው ልክ የተሰላው እንግዲህ በዚህ መልስ ነው።

እንዲያም ሆኖ ኢንጂነሯ ልባቸው አላመነንም መሰለኝ፣ ተጨማሪ ባትሪ እስኪመጣ የናፍጣው ወፍጮ በመጠባበቂያነት ይቆይ ብለው በጉባኤ ፊት መክረዋል። ይህን የሰማው ሕዝብ በሙሉ ምስክሬ ነው።

4. ምክራቸው ያልተፈጸመው በምረቃው ምክንያት ነው። አስመራቂው ኮሚቴ «ከነዳጅ ነፃ ቀበሌ» የሚል ጨርቅ በሁለት እንጨት ወጥሮ መጣ። ጨርቁ የተወጠረው ከእኔ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ስለነበር ጥቀርሻ የለበሰው ጭስ ማውጫዬ ከኋላው ብቅ ብሎ ይታያል። ለፎቶ አልተመቸም። ስለዚህ የወፍጮ ቤቴ በር በጽሕፈት ቤቱ ሽቦና ሰም ታሸገ። ለጊዜው ነው ተባልኩ፤ የጊዜው መጨረሻ ግን አልተነገረኝም።

እኔም አላርፍ ብዬ ንግግር አድርግ ሲሉኝ ብድግ አልኩና «ወላሂ፣ ይህ ሞተር ከእንግዲህ በእጄ አይነሳም» ብዬ ማልኩ። ያስማለኝ የደከመ ወገቤ ነው እንጂ ሌላ ማንም አልነበረም። ሰዉ አጨበጨበ። ከሴቶቹ መካከል ከፍ አድርጋ እልል ያለችው ባለቤቴ ወይዘሮ ሰሊሃ ነበረች። ማታ ማታ ከልብሴ ላይ ዱቄቱንና ጭሱን የምታራግፈው እርሷ ስለነበረች ደስታዋ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መሐላው በዚያው ጸና።

5. ሐምሌ ገባ፤ ጉማችንም እንደ ልማዱ መጥቶ ተዳፋቱ ላይ ተኛ። የፀሐዩ ወፍጮ ጥቂት ያጉረመርምና ይቆማል፤ አፉ ላይ የፈሰሰው እህል ግማሹ ክክ፣ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ሌይላ መሰላል ላይ ወጥታ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ላይ የተኛውን ጤዛ በሻርፗ ስትጠርግ ትውላለች። ወርዳ ሳትጨርስ መልሶ ይለብሳል። ጉልበት ያለው እህሉን በአህያ ጭኖ በጭቃው ወደ ጎረቤላ ወጣ። የሌለው ጥሬውን ቀቅሎ በላ፤ ሾላ ገብ ያለ ለቅሶ ንፍሮ የበላችበት ክረምት ነው።

6. እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን ላስረዳ። በእኛ ወፍጮ ቤት የለቅሶ እህል ወረፋ አይጠብቅም። ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ባለጸጋም ይሁን ድኻ፣ የሞተበት ቤት እህል ሲመጣ የሌላው ሰው ቁና ከወፍጮው አፍ ይነሳለታል። አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሌይላም ይዛዋለች። ሞተሩ በናፍጣ በሚዞርበት ጊዜ ይህ ለሌላው ወረፋተኛ ጥቂት መቆየት ብቻ ነበር። በጉም ወራት ግን ቀኑን ሙሉ የምትገኘው ፀሐይ ጭላንጭል ስለሆነች አንድ ለቅሶ ቤት ብቻውን ይጨርሳታል። ሌላው እህሉን ተሸክሞ ይመለሳል። በለቅሶ ላይ ቅሬታ አይነሳምና ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ዝም ብሎ መራብ ግን ነበር።

7. ባለቤቴ ሰሊሃ ያረፈችው ነሐሴ ላይ፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ፣ ጉሙ በር ላይ በቆመበት ሰሞን ነው። የሞተችው በቆየ የልብ ሕመም ስለሆነ በዚህ ማንንም አልከስም። ቀብሯ ተፈጸመ። ከደብረ ሲናና ከለሚ ዘመድ እየመጣ ቤቱን ሞላው። በጭቃው ጎረቤላ ወጥቶ አስፈጭቶ እስኪመለስ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። እህል ነበረን፤ ዱቄት ግን አልነበረንም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ያንን ቀን በአእምሮዎ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። በግራ በኩል የእኔ ወፍጮ አለ፤ ዘይቱ ያልደረቀ፣ ትንሽ ናፍጣ በሆዱ የቀረው፣ ግን የታሸገ። በቀኝ በኩል የልጄ ወፍጮ አለ፤ ምንም ያልጎደለው፣ ፀሐይ ግን የሌለው። የእናቷ የለቅሶ እህል ከሁለቱ መካከል ሣር ላይ ተቀምጧል። ሌይላ ዕንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ መጥታ «አባዬ፣ እሽጉ እኮ ሽቦና ሰም ነው» አለችኝ። የሰፈሩ ጎረምሶችም ጉጠት ይዘው ቆመው ነበር።

እኔ አይሆንም አልኩ። የመንግሥት እሽግ ነው አልኩ። መሐላዬም አለ፤ ያንን መሐላ ደግሞ እልል ብላ የተቀበለችልኝ ገና አፈሯ ያልደረቀው ሰሊሃ ናት። በሕግም በሃይማኖትም ታስሬ በገዛ ወፍጮዬ ደጅ ቆሜ ቀረሁ።

8. ጎረቤታችን እማሆይ ለተጊዮርጊስ የደብሩ ቄስ እናት ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። የናፍጣው ወፍጮ ወደ ሰፈሩ ከገባ ወዲህ የቤታቸው የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ሥራ ፈትቶ የደጃፋቸው መርገጫ ሆኖ ነበር። በዚያ ቀን በጾም አፋቸው ዶማ አስመጥተው ድንጋዩን ከመሬት አስነቀሉት። አጠቡት፣ መጁን፣ የላይኛውን መፍጫ ድንጋይ፣ ፈልገው አገኙ፣ ተንበርክከው መፍጨት ጀመሩ። ሌሎቹ ሴቶች ሊቀበሏቸው ሲሉ «የሰሊሃ እህል ወረፋ አይጠብቅም» እያሉ እንቢ አሉ። ኋላ ሲደክማቸው ተራ በተራ ያዙላቸው። እንግዶቹ የበሉት ያንን ነው። የእማሆይ መዳፍ ተልጦ እስከ መስከረም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከረመ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ሁሉ የለቅሶ እህል ያለ ወረፋ ስፈጭ ኖሬ የሚስቴን እህል አሮጊት በእጃቸው ፈጩልኝ። አፍሬያለሁ፤ ከሐዘኔ ጋር ተቀላቅሎብኝ የቱ ኀፍረት፣ የቱ ሐዘን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

9. ስለ መሐላዬ ሸኻችንን ጠይቄያቸው፣ ሰው የማለበት ነገር ሌላውን የሚጎዳ ሆኖ ሲያገኘው የመሐላ ማካካሻውን ከፋራ ከፍሎ ቢተወው ይሻላል፤ አሥር ምስኪን አብላ ብለውኛል። አስቀድሞ መክፈልም እንደሚቻል ነገሩኝ። የማበላው እንጀራ ዱቄት ስለሚፈልግ፣ ዱቄቱም ወፍጮ ስለሚፈልግ ሰማዩ እስኪገለጥ ጠበቅሁ። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ እህሉን ወስጄ በሌይላ ወፍጮ አስፈጨሁና አበላሁ። የናፍጣውን መሐላ የፈታሁት በፀሐይ ዱቄት ነው ማለት ነው። በአላህ በኩል ያለብኝን ጨርሻለሁ፤ የቀረው የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ነው።

10. አሁን ጥቅምት ስለሆነ ፀሐይ ሞልታለች፤ የሌይላም ወፍጮ ሥራ በዝቶበታል። ታዲያ ምን አስቸኮለህ ይሉኝ ይሆናል። በልግ ሲመጣ ጉሙም ይመጣል። ደብዳቤ ደግሞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሄድ እንደ እኔ ቀስ የሚል ሽማግሌ ስለሆነ ከወዲሁ እንዲነሳ ብዬ ነው። ስለዚህ፦

ሀ) የናፍጣ ወፍጮዬ እሽግ ለጉም ቀናት ብቻ ተነስቶ፣ ኢንጂነር አመተ ማርያም እንደመከሩት በመጠባበቂያነት እንዲቆይ፤

ለ) ማደያው ያለ ደብዳቤ በበርሜል ስለማይቀዳ ለዚሁ የሚበቃ ናፍጣ እንድገዛ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፤

ሐ) ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጨማሪው ባትሪ የት እንደደረሰ ተጠይቆ እንዲፋጠንልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ስለ ጉሙ ዳግም ቢጠይቁን በዚህ ጊዜ እውነቱን እንናገራለን፤ አላህም ይቅር የሚለን ይመስለኛል።

ፈቃዱን ያለ አግባብ እንዳልጠቀምበት ከተሰጋ የወፍጮ ቤቴ ቁልፍ በሌይላ እጅ ይሁን። ከአባቷ ይልቅ ለፀሐይ የምታደላ ልጅ ናት፤ ሰማዩ ትንሽ ከተገለጠ አትከፍትልኝም። ባትሪው የመጣ ዕለት ደግሞ ሽቦውንና ሰሙን እኔው ገዝቼ አቀርባለሁ፤ መጥታችሁ ለሁልጊዜው አሽጉት። ከዚያ በኋላ ወገቤን ላሳርፍ።

11. በመጨረሻም አንድ ነገር ሳልደብቅ ላመልክት። ባለፈው ሳምንት ከፕሮጀክቱ የመጡ ሰዎች በነሐሴው ለቅሶ እሽጉን ባለመስበሬ «አርአያ የሆነ ሕግ አክባሪ» ብለው አመሰገኑኝ። ቀጥለውም በሚመጣው ጉም ሌላ ለቅሶ ቤት እህሉን ይዞ ደጄ ቢቆም እንደዚያው እንደማደርግ በሰው ፊት ቃል እንድገባ ጠየቁኝ። እኔ ሕግ አከብራለሁ፤ ለዚህም ነው እሽጉን በእጄ ሳይሆን በአቤቱታ እንዲፈታልኝ የምለምነው። ቃሉን ግን አልሰጠኋቸውም፤ ለእርስዎም አልሰጥም። መማል ትቻለሁ።

ከአክብሮትና ከደከመ ሰላምታ ጋር

ጃፈር አብዱልሀሚድ
(ፊርማ)
ሾላ ገብ