ማለቁን እያዩ ዝም ስላሉት ብረት፦ የአቶ ሜትሮ ዳኒልቹክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሜትሮ ዳኒልቹክ ከአባታቸው ከአቶ ስቴፋን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓራስካ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ኬስትረል ክሪክ በምትባል የስንዴ መንደር እ.ኤ.አ. በጥር 1944 ተወለዱ። የዚያን ቀን ብርዱ ምድጃ ውስጥ ያለውን እሳት ሳይቀር ያንቀጠቅጥ ነበር ይባላል። ይህን ያልሰማ የመንደራችን ሰው የለም፤ ያየ ግን እስካሁን አልተገኘም።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ እሳቸውም አልፈለጉ፣ መምህሮቻቸውም አልለመኗቸው። በ1966 ከወይዘሮ ዶሪን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። በ1970 በበረዶ ላይ ሆኪ በምንጫወትበት ሜዳችን ጓዳ፣ ከመንሸራተቻ ጫማ ሥር ያለውን ስለታም ብረት መሳል ጀመሩ። እሳቸው የሳሉት ብረት ላይ ያረፈች ዝንብ ሁለት ዝንብ ሆና ትነሳለች ይባል ነበር፤ ይህን የሚሉት ግን ራሳቸው ነበሩ።

አቶ ሜትሮ ከመሳሉ ይበልጥ የሚኮሩት ብረቱ መቼ እንደሚቀየር በማወቃቸው ነበር። ብረት በተሳለ ቁጥር እንደ ሳሙና ያልቃል። ካጠረ በኋላ ተጫዋቹ ጋደል ብሎ ሲታጠፍ ብረቱን የያዘው ፕላስቲክ በረዶውን ይነካና እግሩ ይከዳዋል። “ስለታም ነው ማለት ገና ብረት አለው ማለት አይደለም” እያሉ ስንቱን ወላጅ አዲስ አስገዝተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቤተሰቡ አንገቱን ደፍቶ ያነባል።

በመጋቢት 1991 ቡድናችን በተከታታይ እያሸነፈ ለዋንጫ ደረሰ። እያሸነፈ ያለ ቡድን ዕድሉ እንዳይሸሸው ምኑም አይነካም፤ ጢም አይላጭም፣ ካልሲ አይታጠብም። የእህታቸው ልጅ ላኒ ጫማውን ይዞ ጓዳ ገባ።

“አጎቴ፣ ስታጠፍ እየከዳኝ ነው። አላለቀም እንዴ?”

አቶ ሜትሮ አዩት። አልቋል።

“ያሸነፈ ብረት ይቀየራል? መጀመሪያ ዋንጫውን አምጣ።”

“ብወድቅስ?”

“ካልሲህ ደግፎ ያቆምሃል። እሱ እንደሆን ከገና ወዲህ ብቻውን መቆም ችሏል።”

ተሳሳቁ። በጨዋታው መሐል ላኒ ከግቡ ጀርባ ሲታጠፍ እግሩ ከዳው፤ ከግድግዳው ተላትሞ ጉልበቱ ተሰበረ። ዋንጫው ቀረ፤ ላኒም ዳግም አልተጫወተም።

መንደሩ “በረዶው ተሰንጥቆ ነው” አለ። ሜዳውን በረዶ የሚያነጥፉት አቶ ሃርቪ ሎው “በረዶዬ ደህና ነበር” ቢሉ የሚሰማቸው አጥተው ከሥራ ተባረሩ። ላኒ የአጎቱን ቀልድ “ደህና ነው” ማለት አድርጎ ስለወሰደው ብረቱን አልጠረጠረም። አቶ ሜትሮ ግን ያንን ብረት ነቅለው ጣሉት፤ የመሳያውንም ጓዳ ዘግተው ወጡ። ሰው በሐዘን ነው ብሎ አከበራቸው፤ ያ ክብር ከስድብ በላይ አቃጠላቸው።

ወይዘሮ ዶሪን ነገሩን ያውቁ ነበር። “ሰውየው ያንተን ጥፋት ተሸክሞ ይዞራል፤ አንተ እዚህ ድንች ትልጣለህ?” ይሏቸዋል።

“ነገ እነግረዋለሁ።”

“ነገህ እንደ ላኒ ካልሲ ሸተተ።”

አቶ ሜትሮ በመንገድ ላይ ሃርቪን ካዩ ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። ሃርቪ ግን ካሉበት ሆነው ባርኔጣቸውን ያነሱላቸዋል።

በ2018 የአቶ ሜትሮ ሳንባ ታመመ። በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ለላኒ ሁሉንም ነገሩት። ላኒም፣ “የጉልበቴን ትቼልሃለሁ አጎቴ። የሃርቪን ግን እኔ ልተውልህ አልችልም” አላቸው። እሳቸውም፣ “በአፌ አቃተኝ። ስቀበር ይህን ሁሉ ሃርቪ በተቀመጠበት አንብቡልኝ፤ እንዳታሳምሩት” ብለው አዘዙ።

አቶ ሜትሮ በየካቲት 2019 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ላኒን ትተዋል።

አቶ ሃርቪ ሎው ዛሬ ከመካከላችን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ይህንንም የሚሰሙት አሁን ነው። በረዶዎ ደህና ነበር። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር ከማለታችን በፊት፣ እርስዎ ይማሯቸው ዘንድ ቤተሰቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይለምንዎታል።