ደጃፍ ላይ የተውሽው የፓንሴ ዘር

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
የካቲት

ውድ ልጄ ፅዮናዊት፣

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ባለሽቶ ሱቋ ጎረቤታችን ሱሪያ ናት። አንብበሽ እስክትጨርሺ እንድትጠብቅ ለምኛታለሁ። ሳታነቢው ብትመልሺላትም አልቀየምሽም። መጋቢት ሲገባ ባልሽ ዘይድ ወደ ድሬዳዋ ጠቅልሎ ሊወስዳችሁ እንደሆነ፣ ሃያብለ ሰፈር ያለው የቤት ዕቃችሁም ገሚሱ እንደተሸጠ ከእሷ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። በአንድ ከተማ እየኖርን ሳንተያይ መክረማችንን የለመድኩት መስሎኝ ነበር። ለካ በአንድ ከተማ መኖራችን ራሱ ስንቄ ኖሯል።

እንደምታውቂው ወሬ አላበዛም። ሲጨንቀኝ ዝም እላለሁ፣ ደስ ሲለኝም ዝም እላለሁ። ማንበብ የተማርኩትም በዝምታ ነው፤ አንቺ የትምህርት ቤት ሥራሽን ስትሠሪ ከፊት ለፊትሽ ተቀምጬ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ደብተርሽን በተዘቀዘቀበት እያየሁ። ፈረንሳይኛውን እስከ ዛሬ አዙሬ ካልያዝኩት የማይገባኝ ይመስለኛል።

ከመጻሕፍትሽ በአንዱ ላይ ያ አበባ ነበረ። ፓንሴ። "እማ፣ ይሄ አበባ ፊት አለው፤ እያየኝ ነው" አልሽኝ። ግቢያችን ውስጥ እንትከለው ብለሽ ለመንሽኝ። "የብርድ አገር አበባ ነው፤ እዚህ ይሞታል" አልኩሽ። ከሽንኩርቱ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። አንቺ ግን አልረሳሽውም።

አሁን ስሸሸው ወደ ኖርኩት ቀን ልመለስ።

አባትሽ ዘይድን በማግባትሽ ተቆጥቶ "ደጄን እንዳትረግጪ" ያለሽ እውነት ነው። ያኔ ከጎኑ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ልጅሽን ታቅፈሽ የመጣሽ ቀን ግን በሩን የዘጋብሽ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። አባትሽ ሕመሙ ጠንቶበት ከውስጠኛው ክፍል ተኝቷል። አንኳኳሽ። አንቺ መሆንሽን አወቅኩ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ በር የምትመቺው በጣትሽ ሳይሆን በመዳፍሽ ነው። እስከ በሩ ሄድኩ። እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር። "እማ" አልሽ ቀስ ብለሽ። ሕፃኗ አስነጠሰች። ትንፋሼን ያዝኩ። አባትሽ ቢቆጣ ልቡ ቀጥ ይልብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንቺንም ፈራሁ። ዓይን ለዓይን ስንተያይ "ያኔ ለምን ዝም አልሽ?" የምትዪኝ መሰለኝ።

"ማን ነው?" አለ አባትሽ ከውስጥ።

በእግር ጣቶቼ ተራምጄ ወደ እሱ ገባሁና "ነፋስ ነው" አልኩት።

ኮቴሽ ሲርቅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ ጠጠር የተጫነባት የዘር ከረጢት አገኘሁ፤ ፊት ያለው አበባሽ ታትሞባታል። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደበቅኳት።

አባትሽ ሊያርፍ ሰሞን፣ ውሃ ሳጠጣው እጄን ያዘኝ። "ወርቅዬ፣ ያን ቀን ነፋስ አልነበረም" አለኝ። ቁጣ የለበትም። ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

"መጥታ ነበር አይደል?"

"አዎ" አልኩት።

"ልጅ ይዛ?"

"አዎ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ብትከፍቺላት ኖሮ ምን አደርግ ነበር መሰለሽ?" አለኝ። ከንፈሩን በጨርቅ ጠረግኩለት። እሱ አልነገረኝም። ፅዮናዊት፣ እኔን የሚበላኝ ይሄ ነው። ምን ያደርግ እንደነበር አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በለቅሶው ጊዜ "በሩን የዘጋብኝን ሰው አላለቅስለትም" ብለሽ በሱሪያ በኩል ላክሽብኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። የሞተ ሰው ጥፋቴን ቢሸከምልኝ ምን ይጎዳዋል ብዬ ዝም አልኩ። አንቺን እንደሚጎዳሽ አላሰብኩም።

ዘንድሮ ሙቀቱ መብረድ ሲጀምር ከረጢቷን አወረድኳት። ያ ዘር ስንት ነሐሴ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሲቀቀል የኖረ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያዟዟርኩ ፈታሁት፤ ቀዝቃዛ ቦታ፣ እርጥበት፣ እስኪበቅል ድረስ ጨለማ። አፈር ከአምቡሊ አትክልተኞች ለምኜ አመጣሁ። ግማሹን ዘር በትሪ ላይ ዘርቼ፣ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ፣ አልጋ ሥር እርጥብ ጆንያ ላይ አኖርኩት።

ግን መተው አልቻልኩም። ጨርቁን እየገለጥኩ አያለሁ፣ እሸፍናለሁ፣ ጥቂት ሳልቆይ ደግሞ እገልጣለሁ። አንዱም አልበቀለም። ሱሪያ አንድ ቀን ስገልጥ ደረሰችብኝ።

"አቦ ተይው እንጂ፤ ይጨልምበት ተብሎ የለ?"

"አንዴ ልየው ብዬ ነው።"

"እጅሽ አያርፍም?" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያን ቀን ይሄ እጅሽ የት ነበር? ከሱቄ ሆኜ በመስኮትሽ አይቼሻለሁ፤ መወርወሪያውን ይዘሽ ቆመሽ ነበር" አለችኝ።

ጨርቁን መልሼ ሸፈንኩት። "ለፅዮናዊት ለምን አልነገርሻትም?" አልኳት።

"እኔን ምን አግብቶኝ? የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።"

የቀረውን ዘር ዘርቼ ትሪውን ለእሷ ሰጠኋት። ከሽቶ ካርቶኖቿ ጋር ዕቃ ቤት ቆለፈችበት። ቁልፉን ስጠይቃት "ወላሂ አልሰጥሽም፤ አንቺ በሕልምሽም ትገልጪዋለሽ" አለች። ስቃ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አንድ ማለዳ ከሱቋ ደጃፍ ሆና በመንደሩ ፊት ጮኸች፤ "ወርቅዬ፣ ነይ፣ ልጆችሽ ወጡ።"

ከዚያ ደግሞ የውሃው ነገር መጣ። የቧንቧችንን ውሃ ታውቂዋለሽ፣ ጨዉ ጀሪካኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቡቃያ ይገድላል። ንጹሕ ውሃ ያለው ከሱሪያ ሱቅ ክሊም ቱቦ የሚንጠባጠበው ነው፤ ግን በታኅሣሥ ማን የአየር ማቀዝቀዣ ይከፍታል?

"ጥቂት ክፈቺልኝ" አልኳት ባልዲዬን ይዤ።

"በዚህ ብርድ? ደንበኞቼ ሽቶ ሊገዙ እንጂ ሊቀዘቅዙ አይመጡም።"

"ለአበባው ነው።"

"አውቃለሁ ለአበባው እንደሆነ። ቀጥሎ ደግሞ በረዶ ዝሪልኝ፣ በኪሎ እሸጥልሻለሁ።"

ከፈተችልኝ ግን። ሻርፕ ደራርባ ከባንኮኒዋ ኋላ እየተንቀጠቀጠች ስትረግመኝ ትውላለች፤ እኔ ከቱቦው ሥር ጠብታ እጠብቃለሁ።

ብዙዎቹ ሞቱ። አንዳንዱ ሥሩ በሰበሰ፣ አንዳንዱ ደረቀ፣ ሁለቱን የጎረቤት ፍየል ግቢ ገብታ በላቻቸው። የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት፤ በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ። እንቡጥ ይዛለች። ጫፏ ቢጫ ይመስላል። ፀሐዩ እየከረረ ነው፤ እንቡጧ ሳትፈታ እንዳትረግፍብኝ ጥላዋን እየተከተልኩ ከግድግዳ ግድግዳ አዟዙራታለሁ። የቀረኝ ነገር ሁሉ በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሰው ቢያየኝ አብዳለች ይላል፤ ምናልባት እውነቱን ነው። እናንተ ባቡር ከተሳፈራችሁ በኋላ ብትፈነዳ ለማን አሳያታለሁ?

ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም የጻፍኩት። እሱን ለመለመን አፍ የለኝም። አባትሽን የእኔን ጥፋት አሸክመሽው አትሂጂ፤ የምለምንሽ ይህን ነው። ደግሞ ልጅሽን አንዴ ልያት። ከውሰር መባሏን ሱሪያ ናት የነገረችኝ። እኔ የማውቀው ማስነጠሷን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሃያብለ እመጣለሁ፤ እንቡጧ ብትፈታም ባትፈታም። በርሽን እንዳንቺ በመዳፌ እመታለሁ። ባትከፍቺ አልፈርድብሽም፤ ከበር ኋላ ትንፋሽ መያዝ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቆርቆሮዋን ደጃፍሽ ላይ ትቼ እመለሳለሁ። ከቀትር ፀሐይ አስጠልያት፤ የቧንቧ ውሃ እንዳታጠጫት።

ከውሰር ድምፄን ሰምታ "ማን ነው?" ብላ ከጠየቀችሽ የመሰለሽን በያት። የማላውቃት ሴትዮ ናት በያት፤ ችዬ እቀበለዋለሁ። ነፋስ ነው ብቻ አትበያት።

እናትሽ
ወርቅዬ