ሻማው ይቆይ

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ
ባርት ባቡሩ ዛሬም ሙሉ። ከሄይዋርድ እስከ ኦክላንድ ቆሜ የዴብራን የመጽሐፍ ድራፍት በስልኬ አነበብኩ። ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ተቃጥያለሁ። ዴብራ የምኩራባችን የንባብ ክበብ መሪ ናት። እማዬ ከጎንደር በእግሯ ሱዳን እንዴት እንደገባች አምና ለክበቡ ያወራሁት እኔ። አሁን የሷ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ሆኗል። ሳታስፈቅደኝ! የእማዬን ስም እንኳ አልቀየረችም፤ ወርቄ ብላ ቁጭ። ስህተት ካለ ቼክ አድርጊልኝ፣ ሐሙስ ለኅትመት ይሄዳል ትላለች። ዓይን አውጣ።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት
አገኘሁላት! ወርቄ በስደት መንገድ ላይ፣ ዓርብ ጀንበር ስትጠልቅ ሻማ ለኮሰች ይላል። ሻማ! በነእማዬ አገር፣ በቤተ እስራኤል ዘንድ፣ ሰንበት ሳይገባ እሳት ይጠፋል እንጂ አይለኮስም። ዴብራ የፈረንጅ አይሁድ አያቷን ልማድ እማዬን አለበሰቻት። ልንገራት? ሞቼ ነው! በጣም ቆንጆ ነው፣ ምንም አይነካ ብዬ ሴንድ አደረግኩ። ሻማው ይቆይ። ቄሶቻችን ያንብቡትና ይሳቁባት። ምሳዬ እንዴት እንደጣመኝ!

ረቡዕ፣ ሳን ሆዜ
እማዬ ጋ ነኝ። ስለ መጽሐፉ ከእህቴ ሰምታ አንብቢልኝ አለች። እየተረጎምኩ አነበብኩ። ሻማው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። ነግረሻታል ወይ አለች። ይሳቁባት ብዬ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት።

ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ነገረችኝ፤ በስደቱ መንገድ አንድ ዓርብ ማታ ታናሽ ወንድሟ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳት አንድጂልኝ ብሎ ለመናት። ሰንበት ነው ብላ እምቢ አለች። ጠዋት አልነቃም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እኔ አጎቴ በመንገድ ሞተ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ያን እሳት አንቺ ለሳቅ አዋልሽው አለችኝ።

እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጠዋት
ለዴብራ ኮል አደረግኩ። ምዕራፉን አውጪው አልኳት። አለቀሰች። ሻማውን ብቻ ልሰርዘው፣ እውነቱን ንገሪኝ አለች። እውነቱን! እሱንም ልትወስድ። የእማዬን ስም መልሺ፣ መንገዷን መልሺ፣ ሻማው ግን ያንቺ ነው፣ ያዢው አልኳት። እሺ እስክትል ስልኩን አልዘጋሁም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም።

ወደ ሳን ሆዜ እየሄድኩ ነው። እማዬ ታሪኬን አንቺ ጻፊው ብላለች፣ እሳት እምቢ ያለችበትን ሳይቀር። ነገ ሰንበት ሳይገባ ጽፈን እንጨርሳለን።