በእናታችን ጠገራ ላይ የነበረችው ነጥብ

ለምወድሽ እህቴ፣

መቂ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ መቀመጥ ነው ያቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ሦስተኛዬ ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ፣ የመቂ መኪና ውስጥ ገብቼ ወርጃለሁ። ፊት ለፊት ልነግርሽ አልቻልኩም።

በመምህርነቴ ዘመንም ሆነ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠገራ ብር በአጉሊ መነጽር እንደምመረምር ታውቂያለሽ። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል፤ የተመቱት ግን በተለያየ ከተማና ዘመን ነው። የሚለዩት በጥቃቅን ነገር ነው፤ በፊቱ ላይ ካለችው ንግሥት ምስል ሥር ካሉት ፊደሎች አጠገብ ባለች ነጥብ፣ በጀርባው ባለው ንስር ጅራት ላባ።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሽማግሌ ልኮ ይጠይቅሽ ለነበረው ለብር አንጥረኛው ለጫምሳ የእናታችንን ጠገራ የአንገት ጌጥ እንዲያደርግልሽ ስንሰጠው፣ እንደ ልማዴ ወረቀት አልብሼ በእርሳስ አሽቼ የሁለቱንም ገጽ ምስል በደብተሬ ወስጄ ነበር። ሲመልሰው በደብተሬ ምስል ላይ ያለችው ነጥብ የለችም። ለውጦታል፣ ሌባ ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹን መለስኳቸው። አንቺ አለቀስሽ፤ በዓመቱ መቂ ተዳርሽ። ጠገራው እኔ ጋ ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ያ ደብተር ተገኘ። ያኔ ያላየሁትን የጀርባውን ምስል ከጠገራው ጋር አስተያየሁ። በንስሩ ጅራት ላይ ያለው ጭረት ያው ነው። ብሩ የእኛው ነው። ተማሪዎቼን የወረቀቱን ጀርባ ሳታዩ አታስረክቡ ስል የኖርኩ ሰው! እናታችን ጠገራውን ከጧፍ ጋር ጠቅልላ ታስቀምጥ ነበር፤ ነጥቧ የሰም ጠብታ ነበረች። ጫምሳ በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ትናንት ጫምሳ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬም ከሱቁ ጀርባ ብቻውን ይኖራል። ገና ከበሩ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተለወጠብዎ መምህር? አለኝ። ጥፋቴን ነገርኩት። መዶሻውን አላስቀመጠም። ለአንዲት ነጥብ ሠላሳ አንድ ዓመት! ፈተና ሲያርሙም እንዲህ ይቆዩ ነበር? ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ባለቤትሽ ማረፉን ሰምቶ ኖሮ፣ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ያኔ ለጠገራው ሠርቶ ያልተቀበልኩትን ሰንሰለት ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ።

ጠገራውንና ሰንሰለቱን በጎረቤቴ በመሪማ እጅ ልኬልሻለሁ። ይቅር በይኝ፤ ባይሆንልሽም አልቀየምሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብር መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ ይጠቁራል። ሰንሰለቱን በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ በቀለበቶቹ መሃል እንኳ ጥቁር የለበትም።

የእናታችን ምርቃት ከቤትሽ አይጥፋ።

ታላቅ ወንድምሽ
ከአዳማ