ማገዶ ክፍል ያሰርኳት ጊደር

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ዲጋ

የልጄ የጫልቱ ጊደር ዛሬ ወለደች። ጥጃው ግን ሞቶ ነው የወጣው። የመጀመሪያዋ ነበር። ጫልቱ ነቀምቴ ኮሌጅ ስትገባ ለእኔ ትታት ነው የሄደችው።

እስከ ትናንት ከሌሎቹ ከብቶች ጋር፣ ፍጉ መሬቱን እንዲያዳብረው በየማሳው በምናዛውረው በረት ነበር የምታድረው። ዝናብና ጅብ ፈርቼ ለብቻዋ አምጥቼ ማገዶ ክፍል ውስጥ አሰርኳት። ምጥ ከጀመራት ወዲህ በየሩብ ሰዓቱ በሩን እየከፈትኩ አየኋት። ሚስቴ "አባ ጫልቱ፣ የምታምጠው አንተ ነህ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ስገባ ደንግጣ ትነሳለች። ስወጣ ልትተኛ ትሞክራለች፣ ቦታው አይበቃትም። የጥጃው እግር ብቅ ሲል አላስቻለኝም፣ ጎተትኩት።

የከብት ሐኪሟ ከሰዓት ደረሰች። "ኦቦ ታደሰ፣ በረቷ ውስጥ ቢተዉዋት፣ ራቅ ብለው ቢያዩዋት፣ ምጡ ሲጠናባት ቢደውሉልኝ ይበቃ ነበር" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቴን ልጻፈው።
አንድ፣ ከመንጋዋ ለየኋት።
ሁለት፣ ጠባብ ቦታ አሰርኳት።
ሦስት፣ እረፍት ነሳኋት።
አራት፣ ሐኪም ሳልጠራ ጎተትኩ።
ሁሉንም ያደረግኩት ስለምሳሳላት ነው። እሱን ስንተኛ ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ጊደሯ ቆማለች፣ ውሃም ጠጥታለች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወረደም። ሐኪሟ እስከ ነገ እንጠብቅ ብላለች።

አሁን ጫልቱ ደወለች።
"አባ፣ ወለደች?"
"ገና ናት" አልኳት።
"በቃ ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ከአጠገቧ እንዳትጠፋ፣ እሺ?"
እሺ አልኳት።